የልጃችን ፒክአፕ የጠጣው ዘይት

ልጃችን ካረፈ በኋላ ፒክአፑ ከነአቧራው ለእኔ ቀረ። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ከቆመ ስንት ዘመኑ። ልጁ ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ ሰውና እህል ሲያመላልስበት የኖረ መኪና ነው፤ እኔም በእርጅናዬ ያንኑ መንገድ ያዝሁ።

ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ በጨርቅ እጠርግና መልሼ ከትቼ አያለሁ። ትናንት የሞላሁት ወርዶ ይገኛል። ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ አሳደርሁ፤ አንዲት ጠብታ የለችም። ታዲያ ወዴት ሄደ?

ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው፣ ቀልድ አያልቅባቸውም። ዳገቱ ላይ ከኋላዬ የሚግተለተለውን ጭስ አይተው፣ «መኪናህ ቅስና ተቀበለ እንዴ? አገሩን ሲያጥን ዋለ» ይሉኛል።

ባለቤቴ ግን አትስቅም። ልጃችን ያረፈው መንገዱ ሁሉ በጦርነቱ ተዘግቶ ሳለ ነው። ቆላው ኒሯቅ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ መድኃኒት አልተገኘም። ተዝካሩንም አላወጣንለትም፤ ለሕያው የሚቀመስ በጠፋበት ለሙት ምን ይደገሳል።

«እሱ ነው የሚጠጣው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዘንጉን እያየሁ ሳለ። «ልጄ ጠምቶታል። መኪናውን ሽጠህ ተዝካሩን አውጣለት።»

ተይ ልላት አልቻልሁም። እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ዘንግ ስመዝ ያው ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። ግን መሪውን ስይዝ የእሱ እጅ ያለሰለሰውን ቦታ ነው የምይዘው፤ እንዴት ልሽጠው?

«መጀመሪያ መካኒክ ይየው» አልኋት። «በሽታው ካልተገኘ እሸጠዋለሁ።»

መካኒኩ የልጃችን ባልንጀራ የነበረ ነው። የራዲያተሩን ውሃ ከፍቶ አየ፤ ዘይት አልተቀላቀለበትም። ከዚያ እኔን ንዱ ብሎ በሞተር ሳይክሉ ከኋላ ተከተለኝ።

«አባቴ፣ ቁልቁለቱን ወርደው ነዳጅ ሲሰጡት ብቻ ቢያጨስ የቫልቩ ጎማ ነው እል ነበር» አለ። «ይኸ ግን ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛበት ነው የሚብሰው። ፋሻው ነው። ፒስተኑን ያቀፈው ቀለበት ዘይቱን መጥረግ ሲያቅተው አብሮ ይነድዳል።»

«አርጅቶ ነው?»

«ሳይከፈት አይታወቅም።»

ሲከፍተው ባለቤቴ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፒስተኑ ወጣ። ፋሻው አላለቀም፤ እንደ ሙጫ ባለ ጥቁር ነገር ተጣብቆ አልላወስ ብሏል። መካኒኩ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው።

«ይኸ የሞተር ዘይት ጥቀርሻ አይደለም። የምግብ ዘይት የጨመረበት አለ።»

«ማን ይጨምራል?» አልሁ።

«እርስዎ ረሱት እንዴ? መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሞተር ዘይት ከየት ይመጣ ነበር? ሰው ያገኘውን ያንቆረቁር ነበር። እሱስ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ሲያመላልስ ምን ያድርግ? እንዲህ እንደሚጋግር ማን አውቆት።»

ባለቤቴ ከድንጋዩ ተነሣች። በዚያ ጊዜ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው የሰሊጥ ዘይት ከጓዳ ጠፍቶባት፣ ልጃችንን «ሸጠህ ጠጣህበት» ብላ ተቆጥታው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለምን እንዳልነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየም።

«ልጄን ሌባ አልሁት» አለች በአፍ መፍቻዋ በኽምጣኛ፣ ለራሷ። መካኒኩም እኔም ሰማን።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ታዲያ አልጠማውም?» አለችኝ።

«አልጠማውም» አልኋት። ምን አውቃለሁ።

መኪናውን አልሸጥነውም። መካኒኩ ፋሻውን ቀይሮ ገጠመው። ወደ ፃግብጂ ስነሣ፣ አብሬህ ካልሄድሁ አለች። ዳገቱን ስንይዝ አንገቷን አዙራ በኋላው መስኮት ታይ ጀመር። ጭስ የለም፤ ባዶ መንገድ ብቻ። እስክንደርስ ፊቷን አልመለሰችም።