ሣሩ ያስጠራቸው ሽማግሌዎች

ፍኖተ ሰላም፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለው ቤታችን ባለቤቴ በእጇ ያሳመረችው ግቢ ነበረው። መሀሉ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ የፈረንጅ ሣር፣ ዙሪያው ጽጌረዳ። ሣሩ ጠዋትም ማታም ውኃ ይጠጣል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እኛ በጆግ እየታጠብን ሣሩን በጎማ እናጠጣ ነበር።

እኔ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ጊዜ ስለ ግቢ ውበትና ስለ አካባቢ ጥበቃ ባሕር ዳር ለሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ "ውበትን ከተፈጥሮ ጋር አስማሙ፤ ያገሩን ዕፅዋት ተዉት ይብቀል" አለን። ሌሎቹ ሠልጣኞች አበላቸውን ተቀብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ አምኜ መጣሁ።

በግንቦት የፈረንጁን ሣር ነቀልሁት። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ፈተና ስታርም ቆይታ ብቅ ስትል ግቢው ቀይ አፈር ሆኗል።

"ምን ልትተክልበት ነው?"

"አንዲት የወይራ ችግኝ። ሌላውን አገሩ ራሱ ያበቅለዋል።"

"አገሩማ ያበቅላል" ብላ ወደ ቤት ተመለሰች።

አበቀለም። ሐምሌ ሲጋመስ ሙጃው ወገብ ደረሰ፤ ወይራዬን ራሴም ፈልጌ አጣኋት። እኔ ግን በቢራቢሮው ብዛት ልቤ ይሞላ ነበር። ጎረቤቶች ደግሞ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ ሰላም ይሉን ጀመር።

ወሬው የባለቤቴ ወላጆች እስካሉበት ቋሪት ወረዳ ድረስ ዘለቀ መሰል፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት የባለቤቴ አባት ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከወረዳው ከተማ ከገበዝ ማርያም መጡ። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

"እንዲያው ለሰላምታ ነው" አሉ አማቴ። "ደጃችሁን ሣር ውጦት፣ በውሻው ድምፅ ነው ያገኘነው።"

"እንኳን ደኅና መጡ አባባ።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?"

"ከግንቦት ጀምሮ ነው።"

"ከግንቦት!" ሦስቱም ተያዩ። "ለእኛ ሳትነግሩን?"

"የሚነገር አልመሰለኝም። ሥልጠና ላይ የተማርሁት ነው።"

"ቤት መተውም ሥልጠና አለው?" አሉ አንደኛው ጎረቤታቸው ደንግጠው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግቢያችን ያልታጨደው ትዳራችን ስለፈረሰ መስሏቸዋል። ሊያስታርቁን ነው የመጡት! ሳቄ አመለጠኝ፤ ባለቤቴም ከጓዳ ሆና ሳቀች። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። አማቴ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺስ ልጄ፣ ደስ ብሎሽ ነው?"

ሳቋ ቀጥ አለ።

"በእጄ ያሳደግሁትን ሲነቅል አንድ ቃል ጠይቆኛል? ባልደረቦቼን ቤት መጥራት አፍሬ ተውሁ። ልብስ የማሰጣው እባብ ፈርቼ ሣሩን በዱላ እየመታሁ ነው።"

"ውኃው እየባከነ ነበር እኮ" አልሁ።

"ልክ ነህ፣ ይባክን ነበር። እሱን መናገር ምን ያቅት ነበር?"

እንዲህ ሆኖ ሽማግሌዎቹ ያልነበረ ጠብ ሊያበርዱ መጥተው እውነተኛውን አስነሡት። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መሄድ ስለማይሆንላቸው እስኪመሽ ተቀመጡ። እኔ ስለ ንብ ሳወራ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ እሷ ስለ እባቡ ስትናገር ግን ጋቢያቸውን ከወለሉ ሰበሰቡ።

በመጨረሻም ፈረዱ። የፊት ለፊቱ የእሷ ነው፤ የፈረንጅ ሣር ግን አይመለስም፤ ጽጌረዳውም የልብስ እጣቢ ይጠጣል። ጓሮው የእኔ ነው፤ እንዳሻው ይብቀል። መተላለፊያው ይታጨድ፤ የማጭደውም እኔ ነኝ። ተሳሳሙ ተባልን፤ ተሳሳምን። እኔ ለተፈጥሮ፣ እሷ ለውበት የተሟገትን መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ የተሟገተችው አማክረኝ ብላ ኖሯል።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጓሮዬ በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ። አብረውኝ የሠለጠኑትን ጠርቼ ባሳይ እያልሁ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ የሰፈሩ ልጃገረዶች ጓሮውን ሞልተው ይቀጥፋሉ። በሩን የከፈተችላቸው ባለቤቴ ናት። ጽጌረዳዋን እሾሁ ስላስፈራቸው የነካው የለም። ከጓሮዬ የቀጠፉትን አደይ በነዶ በነዶ አሥረው፣ በፊት በር ዞረው እየዘፈኑ አንዱን ለእኔ ለራሴ አበረከቱልኝ።

"ምነው አንድ እንኳ ብትተዉልኝ" አልኋቸው።

ባለቤቴ ዳቦውን እየቆረሰች "አገሩ ያበቅላል አላልህም?" አለችኝ።