ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ስልኩን ግድግዳ ላይ ሊወረውረው ሲል ለጥቂት ደረስኩበት። ባሕር ማዶ የሚደግፈው ቡድን አለ፤ ስሙን እኔ አልይዘውም። ከዚያ ቡድን መሐል ሜዳ ላይ ስንት ዓመት የተጫወተ አንድ ጢማም ሰውዬ ወደ ሌላ ቡድን ሄደ አሉ። ልጁ ምሳውን አልበላም። ስልኩን አስጠግቶ ሲያሳየኝ ጎረምሶች የሰውየውን ማልያ መንገድ ላይ ዘርግተው ያቃጥላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይስቃሉ።

"ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሞቷል!" አለ።

"ዝም በል!" አልኩት። እንዴት አድርጌ እንደጮኽኩ እኔም አላወቅኩት፤ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ምነው ደኅና?" አለችኝ። ልጁ ደንግጦ "ኧረ እማማ፣ ኳስ እኮ ነው" አለ። ኳስ መሆኑን መች አጣሁት! ፍኖተ ሰላም ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ሳይሰማ መቅረቱ የእኔ ስንፍና ነው ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ስለ ወንድሜ ነገርኩት።

ወንድሜ አለልኝ ይባላል። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ እኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። ከገጠር መጥቼ እዚሁ ከተማ ከእሱ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። እኔ ጉልት ላይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት እቸረችራለሁ፤ እሱ እህል ነጋዴ ቤት ጆንያ ይሸከማል፣ ሥራ ሲፈታ ኳስ ይጫወታል። ሜዳው ክረምቱን ከብት የሚግጥበት ጨፌ ነው። ከመስቀል በኋላ ውኃው ሲመጥ ነው የሰው የሚሆነው። ጎሉ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ መረብ የለው ምን የለው። አለልኝ ብዙ አይሮጥም ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳን አልፎ ቀኝ ጉልበቱ ዝናብ ሲመጣ ያብጥበታል። መሐል ላይ ቆሞ ኳሷን ያድላል። ድግስ ቤት እንደሚያሳልፍ ሰው ማን እንዳልደረሰው ያውቃል። ሲያሸንፉ ትከሻቸው ላይ አውጥተው እየጨፈሩ እስከ በራችን ያመጡታል። ያን ሁሉ ዘመን ታዲያ በራችንን አልፎ ገብቶ "ምን በልታችሁ ታድራላችሁ?" ያለ አንድ ሰው አላስታውስም።

እናታችን ገጠር ቀርታለች፤ በእግር ከተነሡ ፀሐይ ሳትበረታ ይደረሳል። ዓይኗ ይታመም ነበር። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየዞረ ብሌኗን ይወጋታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ጭኔ ላይ አንተርሻት በወረንጦ እነቅልላታለሁ፤ በሳምንቱ መልሶ ይበቅላል። ከሰው መልክ የቀራት ጥላው ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም "የዓይኗ ቆብ ቶሎ ከተቀደደ ያለው ብርሃን ይተርፋል፤ ከዘገየ ግን እኔን አትጠይቁኝ" ብሎናል።

ቡሬ ሐጂ ይማም የሚባሉ ባለ ወፍጮ ነበሩ። የባላንጣችንን የቡሬን ቡድን የሚያለብሱም የሚያበሉም እሳቸው ናቸው። አለልኝን ጠርተው "ልጄ፣ ወፍጮውን ያዝልኝ፤ ቤት እሰጥሃለሁ። እናትህንም በራሴ መኪና ደብረ ማርቆስ አደርሳታለሁ። አንተ ለቡሬ ተጫወትልኝ" አሉት።

ወንድሜ ተደብቆ አልሄደም። የቡድናችን አለቃ አቶ ጥሩነህ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ማልያውን የሚሰፋ እሱ፣ ጭብጨባውን የሚመራ እሱ፣ ስድቡንም የሚጀምር እሱ። አለልኝ እኔን አስከትሎ በረንዳው ድረስ ሄደና ነገረው።

"ጋሼ፣ የእናቴ ዓይን እየጠፋ ነው።"

"እኛ እናሳክምልሃለን አላልንህም?"

"ካሉኝ ሁለት ክረምት አለፈ።"

አቶ ጥሩነህ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። "እሺ ሌላ አገር ጠፍቶ ነው? ደምበጫ ብትለኝ ዝም እልሃለሁ። ፈረስ ቤት ብትለኝ መርቄ እሸኝሃለሁ። ቡሬ? ቡሬ ከምትሄድስ ሞተህ ብንቀብርህ ይሻለናል!"

"እንግዲህ ቅበሩኛ" አለ ወንድሜ እየሳቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ማክሰኞ በአውቶቡስ ቡሬ ሄደ፤ ቅዳሜ ቀበሩት።

ጥር ነበር፤ እህል ገብቶ ገበያው ጢም ያለበት ጊዜ። መጀመሪያ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ጥሩንባ ለቀልድ አይነፋም፤ ነፊውን ግን ጠላ አጠጥተው አስነፉት። "አለልኝ አርፏልና ቀብር ውጡ!" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ ጉልቴ ላይ ነኝ። ቀና ስል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ። የድሮ ማልያውን ጭድ ጠቅጥቀው፣ በሰሌን ጠቅልለው አስተኝተውታል። ከፊት አቶ ጥሩነህ ደረቱን ይደቃል፤ ከኋላ ዝማም የምትባል የአገሩ ስመ ጥር አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች። ዝማም ደግሞ ስትቀልድም አታሳንስም፤ ለደጃዝማች የምታወጣውን ድምፅ ነው ያወጣችው።

"መሐል ሜዳው ወና፣ ጭር አለ ሰፈሩ፣
አለልኝ አንበሳው ተጫነው አፈሩ።"

ሰዉ ደረቱን እየደቃ ይስቃል፤ እየሳቀ "ወየው!" ይላል። "ኧረ በእግዚአብሔር ተዉ!" ብዬ ስጮህ ያወቀኝ አንዱ "እቱ ናት፣ አላቅሷት!" አለ። ከበቡኝ። እየተራ እየመጡ "እግዜር ያጥናሽ" "ነፍስ ይማር" ይሉኛል። አንዱማ ትከሻዬን ይዞ የእውነቱን እንባ አውርዷል። በርበሬዬን እግራቸው አቦካው። እኔም የመጣልኝን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ፤ በተሳደብኩ ቁጥር ሳቁ ይብሳል።

ሳቁ ድንገት ከአንድ በኩል ጠፋ። ዞር ስል እናቴ ናት። ከገበያው ጫፍ ጥሩንባውን ሰምታ፣ ሙሾውን ሰምታ፣ የልጇን ስም ሰምታ፣ ሰዉን በክንዷ እየቀዘፈች መጥታለች። መንገድ የሚመራት ሰው እንኳ ከኋላዋ ቀርቷል። "ወየው ልጄን!" ብላ ቃሬዛው ላይ ወደቀች። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው አወረዱት። ሰሌኑን ቀድዳ እጇን አስገባች፣ ደረቱን ዳሰሰች፣ አንገቱ ሊኖር የሚገባበትን ዳሰሰች። ጭዱን አውጥታ አሸተተችው።

"ሬሳው የታለ?" አለች። "ጎርፍ ነው የወሰደው? አውሬ ነው? ንገሩኛ!"

በእኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ልብሱ ይዘረጋል፣ ሙሾው ይወርዳል፣ ሰው ይሰናበታል። ስለዚህ ጭዱ እውነቱን አልነገራትም፤ ይልቁን ባሰባት። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ "እሜቴ፣ ልጅዎ አልሞተም፣ በቀልድ ነው" ቢላት ምን ነበረበት? ማንም አላለ። ዝማም ድምጿ ሰለለ። አቶ ጥሩነህ በሰው መሐል ሹልክ ብሎ ሄደ። ከኋላ በኩል ነገሩ ያልገባቸው አሁንም ይስቁ ነበር። እናቴ ግን ጥፍሯን ፊቷ ላይ አውላ ከግንባሯ ወደ ታች ነጨችው፤ ልጅ የሞተባት እናት እንደምታደርገው።

ሮጬ እጇን ያዝኳት። "እማዬ፣ አለልኝ ደኅና ነው! ቡሬ ነው ያለ!" አልኳት።

እሷም "አባትሽ የሞተ ዕለትም እንዲሁ ብላችሁኛል" አለችኝ።

እዚህ ላይ ምን ልበል? መርዶ በእኛ ዘንድ በአንድ ጊዜ አይነገርም። ሟቹ ተቀብሮ ሳለ "ትንሽ አሞታል" ይባላል፤ "ተሽሎታል" ይባላል፤ "ደኅና ነው፣ ብቻ ነይ ቤት እንሂድ" እየተባለ ባለ ሐዘኑ ከዘመድ መሐል ይደርሳል። ደኅና ነው የሚለውን ቃል አዋቂ ሰው የሚሰማው በዚያ ልክ ነው። እኔ በማልኩ ቁጥር እሷ ልጇ እየራቀ፣ እየጠለቀ ይሄድባታል። የሰፈር ሴቶች መጥተው "አለ፣ ትናንት ያየው ሰው አለ" ሲሏት "እግዜር ይስጣችሁ፣ ሰው አታስጨንቁ፣ አውቄዋለሁ" አለቻቸው። ቤት አስገብተናት እህል አልቀምስ፣ መኝታ ላይ አልወጣ አለች። መሬት ተቀምጣ ፊቷን ትነጫለች፤ እጇን ብንይዛት ታስለቅቃለች።

የቀረው መድኃኒት እሱ ራሱ መጥቶ እንድትዳስሰው ብቻ ነበር። ወደ ቡሬ በሚሄድ አውቶቡስ ረዳት ላክንበት፤ እሑድ ረፋዱ ላይ መጣ።

ከአውቶቡሱ እስከ ቤታችን ድረስ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚመጣው። እሱን ካመጣው ረዳት ነው የሰማሁት። ትከሻቸው ላይ ያወጡት ሰዎች በየበረንዳው ተቀምጠዋል። ሰላም ሲላቸው እርስ በርሳቸው እየተያዩ "የማን ድምፅ ነው? አለልኝማ ትናንት ተቀብሯል" ይላሉ። ሻይ ቤቱ በር ላይ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" አለው። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሙሉ "ነፍስ ይማር" "ነፍስ ይማር" እያሉ አሳለፉት። ድንጋይ የወረወረበት የለም፤ ቢወረውሩበት ይሻል ነበር። እናቱ ደም እስኪወጣት እያለቀሰችለት መሆኑን ከተማው ሁሉ ሰምቷል እኮ! ሰምቶ ነው የሚቀልደው።

ገብቶ እግሯ ላይ ሲወድቅ በመጀመሪያ ገፋችው። "ማን ነህ አንተ፣ ድምፁን የምታስመስል?" አለችው። እጇን ይዞ ያበጠውን ጉልበቱን አስነካት። ያን ጉልበት ስንቴ በቅቤ አሽታዋለች። ዳሰሰችው፣ ደግማ ዳሰሰችው፣ ከዚያ እልል አለች። ያን እልልታ የሰማ ሰው ሰርግ ቤት ይመስለዋል። እኛም አብረናት እልል አልን፣ አለቀስን፣ ሳቅን።

"ና እስቲ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁምልኝ፤ ጥላህን ልይ" አለችው።

ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ያበጠ ዓይኗን በጣቷ ፈልቅቃ ወደ እሱ ዞረች። "ቆመሃል?" አለች። "ቆሜያለሁ እማዬ።" "ትንሽ ጠጋ በል።" ጠጋ አለ። "አሁንስ የት ነህ?" አፍንጫዋ ሥር ነበር።

ሐጂ ይማም ቃላቸውን ጠብቀው በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ አደረሷት። ሐኪሙ ፊቷን አይቶ ማነው እንዲህ ያደረጋት ብሎ ጠየቀ። ራሷ ናት አልነው። ጥፍሩ ብሌኗን ቀዶታል፣ ቁስሉም አመርቅዟል፤ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም አለን። አለልኝ ከአገሩ የተነቀለለት፣ ስሙን ያጠፋለት ያ ዓይን እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ እናቴም እኔም ወንድሜ ዘንድ ቡሬ ገባን። ለፋሲካ አቶ ጥሩነህና ጓደኞቹ ድንጋይ ተሸክመው፣ ቄስ አስቀድመው ቡሬ ድረስ መጡ። እናቴ በይቅርታው አላንገላታቻቸውም። "ድንጋዩን አውርዱት፣ እግዜር ይፍታችሁ" አለቻቸው። ከዚያ "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ" አለች። "ልጄ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። አንበሳ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ሙሾው ላይ ነው። እንዲያ ከነበረ በቁሙ ለምን አልነገራችሁትም?" አቶ ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ስሞ ወጣ።

ይህን ነግሬ ስጨርስ የልጅ ልጄ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ስልኩንም አስቀምጦታል። እሰይ፣ ልቡ ተነካ ብዬ ፀጉሩን ልዳብስለት እጄን ዘረጋሁ።

"ታዲያ እማማ፣ ኋላ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሲጫወቱ ማን አሸነፈ?" አለኝ።

እጄ ባለበት ቀረ። የሰው ዓይን ጠፋ እያልኩት ውጤት ይጠይቀኛል! ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

"ቡሬ ናታ!" አልኩት። "ሦስት ለባዶ። ሦስቱንም ያቀበላቸው እሱ ነው። ጥሩነህ ሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቋል፤ በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ይቅር ብላቸው ሞተች። ጥሩነህም ካለፈ ቆየ፣ ወንድሜም አፈር ከለበሰ ዓመታት ሆኑት። የዚያ የጥሩነህ ለቅሶ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትናንትም ስናገረው ጣፈጠኝ።