አሥረኛው መስመር

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ተጽፎ የሚገኘው በአንድ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ውሸቱ አንድ ቃል ነው። አንተ የምታነበው ሰው ጋሽ ቶሎሳን አታውቃቸውም፣ እኔንም አታውቀኝም። ስለዚህ ላንተ መናገር ይቀለኛል። ሊቀለኝ ይገባ ነበር ወይ? እሱን አላውቅም።

ደብተሩ ባለ ካሬ መስመር ነው። በገጹ ግራ በኩል ከአንድ እስከ አሥር ተራ ቁጥር አለ። በቀኝ በኩል እያንዳንዱ ጥይት በሰከንድ ስንት ጫማ እንደ ተጓዘ ተጽፏል። ዘጠኙ ከ2,781 እስከ 2,799 ባለው ውስጥ ናቸው። አሥረኛው 3,012 ነው። አሥረኛውን በማስመሪያ ሰርዤ ጎኑ ላይ "ደመና" ብዬ ጻፍኩ።

ጥይት እቤቴ እሞላለሁ። የተተኮሰ ቀልሃ እሰበስባለሁ፣ አጥባለሁ፣ ባሩድ መዝኜ እጨምራለሁ፣ አረሩን እገጥማለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከመጽሐፍና ከቪዲዮ ነው የተማርኩት። ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ጽዳት ነው። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ቁጥር ሲስተካከል ግን ደስ ይለኛል። በሕይወቴ እርግጠኛ የምሆንበት ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ይመስለኛል።

ጋሽ ቶሎሳ እዚያው ኤርፖርት ከመኪና ማቆሚያው እስከ ተርሚናሉ ሰው የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ይነዱ ነበር። የወለጋ ሰው ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል። ጠመንጃ እንዳለኝ ሲሰሙ እሳቸውም ያንኑ ዓይነት ጥይት የሚጎርስ አንድ አሮጌ እንዳላቸው ነገሩኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ከዌስት ሴንት ፖል ወደ ደቡብ ወርደን፣ ከበቆሎ እርሻዎቹ ወዲያ ባለ የተኩስ መለማመጃ ቦታ አብረን መሄድ ጀመርን። አጋዘን ለማደን ፈቃድ እንዲያወጡ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"ቢላ ያላየውን ሥጋ አልበላም። እኔ የማድነው ወረቀት ነው" አሉኝ።

እኔ የምሞላውን ጥይት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተኮሱም። እሳቸው የሚገዙት በካርቶን የታሸገ የፋብሪካ ጥይት ነው። የፍጥነት መለኪያ ገዝቼ የእሳቸውንም የእኔንም ለካሁ። መለኪያው ከአፈሙዙ ፊት ለፊት በሦስት እግር ላይ የሚቆም ሣጥን ነው፤ ሁለት የብርሃን ዓይኖች አሉት። የጥይቱ ጥላ ከመጀመሪያው ዓይን ሁለተኛው ላይ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ፍጥነቱን ያሳያል። ደመና ድንገት ፀሐይዋን ከሸፈነ አንዳንዴ ይሳሳታል። መለኪያ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሰበብ ያውቀዋል።

"ጋሼ፣ ይዩት እስቲ። የፋብሪካው በአሥር ጥይት ውስጥ የስልሳ ጫማ ልዩነት አለው። የኔ ሃያ እንኳ አይሞላም።"

"ወረቀቱ ስልሳውን ጫማ ያውቀዋል?"

"አያውቀውም፣ ግን..."

"በል ተወው፣ ኢንጂነር። የእጅ ሥራ የሚያምረው ጋቢ ላይ ነው። ጥይቱ የፋብሪካ ይሁንልኝ።"

ኢንጂነር ይሉኝ የነበረው ለቀልድ ነው። እኔ ግን ቀልዱን ሳይሆን ስሙን ነበር የምሰማው። "የእጅ ሥራ" ያሏት ነገር ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ይህን የምጽፈው ለምክንያት አይደለም። ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንዲሁ እንደዚያ ነበር።

አሁን ወደ አሥረኛው መስመር ልመለስ። በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር በምኖርበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ጥይት ሞላሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ የቤቱ ማሞቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ ሞቃቱ አየር በቀጥታ ሚዛኔ ላይ ይነፍስ ነበር። ሚዛኑ ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል፣ እኔ ባሩድ እጨምራለሁ። ያኔ አላወቅሁም። በኋላ ግን ማሞቂያው እስኪነሣ ጠብቄ፣ ሚዛኑ ላይ አንድ ብረት አስቀምጬ ቁጥሩ ሲወርድ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያንን በደብተር አልጻፍኩም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሃያው የመጀመሪያዎቹን አሥር በተሞሉበት ተራ ተኮስኩ። ጋሽ ቶሎሳ ፈረቃ ነበራቸው፤ ብቻዬን ነበርኩ። ዘጠኙ ደህና ነበሩ። አሥረኛው ላይ 3,012 አየሁ። የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ለማንሣት ስሞክር አልነሣ አለኝ፤ በእጄ መዳፍ መታሁት። መጽሐፉ በግልጽ የሚለው ነገር አለ፦ ቁጥሩ ከዘለለ፣ መቀርቀሪያውም ከከበደ አቁም፣ የቀሩትንም ሳትተኩስ ፍታቸው። ገጹን ሳይቀር አውቀው ነበር። እጄም አውቆ ነበር። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እኔ ማስመሪያ አውጥቼ ሰረዝኩትና "ደመና" አልኩ። ምክንያቱም ያለ አሥረኛው መስመር ልዩነቱ አሥራ ስምንት ጫማ ብቻ ነበር። አሥራ ስምንት በጣም ያምር ነበር።

የቀሩትን አሥር አልፈታኋቸውም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረግሁ። የጋሽ ቶሎሳ የፋብሪካ ካርቶን ከሌላው ዕቃ ጋር መኪናዬ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አሥር የፋብሪካ ጥይት አውጥቼ በቦታቸው የእኔን አሥር ሰካሁ። ሊተኩሱት፣ በመለኪያው ሊያዩት፣ ዒላማው ላይ ተጠጋግተው ሲመቱ "ዛሬ ፋብሪካው ጥሩ ነው" ሊሉ፣ እኔም ያኔ "ጋሼ፣ የእጅ ሥራ ነው" ልል ነበር። ሳቃቸውን ሳይቀር አስቤው ነበር። እኔ፣ የእያንዳንዱን ቀልሃ ርዝመት የምለካው ሰው፣ የሌላ ሰው እጅ ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ስጨምር ሰውየውን አልጠየቅሁም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ብርዳም ነበር፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የመጀመሪያውን ተኮሱ። መለኪያው 3,047 አለ። ቁጥሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ዛሬ ይራገጣል" አሉ ትከሻቸውን እያሹ። መቀርቀሪያው አልከፈት ብሏቸው በግድ ከፈቱት። "ቆሽሿል መሰለኝ፣ አንድ ጊዜ ልጥረገው።"

የማጽጃውን ዘንግ አወጡ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ አደረጉ፣ በአፈሙዙ ውስጥ አሳለፉ፣ መልሰው አወጡ፣ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ምናልባትም ሦስት። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እኔ ምን እሠራ ነበር? ቀና ብዬ ሰማዩን አይ ነበር። ደመና እፈልግ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ መሆኑን እያየሁ አፌን አልከፈትኩም።

ሁለተኛውን ተኮሱ።

ድምፁ ከሌላው ጊዜ ብዙም የተለየ አልነበረም። ቀልሃው ከኋላ ተሰንጥቆ እሳቱና የናስ ስብርባሪው በመቀርቀሪያው በኩል ወደ ፊታቸው ተመለሰ። መነጽራቸው ተራ የማንበቢያ መነጽር ነበር። አልጮኹም። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አዞሩ፤ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ። ከዚያ ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

የቦታው ኃላፊ ሮጦ መጣና ጥይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። "ፋክተሪ" አሉ ጋሽ ቶሎሳ፣ ፎጣ ፊታቸው ላይ እንደ ያዙ። ካርቶኑን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ጥይቱን ያፈነው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ፣ "ጨርቁን ረስቼ ይሆን?" አሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ካርቶኑን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። በደም የራሰው ጃኬታቸው ኪሱ ሳይታይ እዚያው ተጣለ። በነጋታው ክፍሉ በሰው ተሞላ። አንተም ታውቀዋለህ፣ እንዲህ ሲሆን ሰው ይመጣል፣ "እንኳን እግዜር አተረፈዎት" ይላል፣ ይቀመጣል። እንዴት ሆነ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚጠይቅ የለም፤ መመርመር ይመስላል፣ ነውር ነው። ጋሽ ቶሎሳ ለእያንዳንዱ ሰው "እኔው ነኝ፣ ጨርቅ ረስቼ" ይሉ ነበር። ሰዎቹም ወደ እኔ ዞረው "ይህ ልጅ ባይኖር ምን ይሆኑ ነበር፣ ተባረክ" ይሉኝ ነበር። እኔ ወንበር አቀብል ነበር። አሜን እል ነበር። ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ሁሉም ነገር ከመስታወት ወዲያ ያለ ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ መስታወት ብዙም አልወጣሁም።

ቀኝ ዓይናቸው ዛሬ የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። አውቶቡሱን ተዉ። ይህ አንዱ ነው። ዓይኑን አስቤ እተኛለሁ ብል ታምነኛለህ? እተኛለሁ። የማያስተኛኝ ሌላው ነው።

ጋሽ ቶሎሳ የምንሄድበትን ቤተ ክርስቲያን የአዳራሽ ቁልፍ ለዓመታት የያዙ ሰው ነበሩ። ቀድመው ከፍተው፣ መጨረሻ ዘግተው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ከሆስፒታል በወጡ በወሩ ቁልፉን መለሱ። "እኔ እረሳለሁ፣ አንድ ቀን ከፍቼው ብሄድስ?" አሉ። እቤታቸው ስሄድ ምድጃውን ሲያዩ አያለሁ፤ ይነሣሉ፣ ያያሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ሌሊሴ ከሶፋው ሳትነሣ "ዳድ፣ ኢትስ ኦፍ። አይ ቼክድ" ትላቸዋለች፤ ጠፍቷል፣ አይቻለሁ ማለቷ ነው። "እሺ" ይላሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል፤ "እርጅና እንዲህ ነው፣ ኢንጂነር" ይሉኛል። እኒህ ሰው ምንም አልረሱም። ከዚያ ቀን በፊት የሁሉንም ፈረቃ በቃላቸው ይዘው ነበር። እኔ የወሰድኩባቸው ዓይን ብቻ አይደለም። በራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ነው የወሰድኩት። ይህን የወሰድኩት ደግሞ በጥይቱ አይደለም፤ በዝምታዬ ነው፣ በየቀኑ፣ እያወቅሁ።

ባለፈው ጸደይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠየቁኝ። ሌሊሴ እቤት አልነበረችም።

"አንተ ዝርዝር አይጠፋህም። አልቆጣህም፤ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ጨርቁን አውጥቼ ነበር?"

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ።

"አላየሁም፣ ጋሼ" አልኩ።

"እህ" አሉ። "እንግዲህ ረስቼው ነው።" ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፣ እኔን ለማጽናናት።

ደብተሩን አላቃጠልኩትም። ከዚህ በታች ያለውን በወረቀት ጽፌ ቅዳሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ፊደሉን ተለቅ አድርጌ፣ በግራ ዓይናቸው ማንበብ እንዲችሉ። ፈርተህ ነው፣ ልጅ ነህ፣ ሳታስበው ነው ትለኝ ይሆናል። አትበለኝ። አስቤዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አስቤዋለሁ። ይቅርታም አልጠይቃቸውም፤ ከጠየቅኋቸው ቶሎ ይሰጡኛል። "እግዜር ያመጣው ነው" ብለው ይዘጉታል። እግዜር አላመጣውም። ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የእጅ ሥራ ነው፤ የእኔ እጅ። በሁለቱም ቅዳሜ ደመና አልነበረም። ጨርቁንም አውጥተውታል፤ አይቻለሁ። ነጭ ነበር፣ ጫፉ ጠቁሮ ነበር፣ ሁለት ጊዜ አጥፈው በጃኬትዎ ግራ ኪስ ከተቱት። አልረሱም።