ቤት የሌላት የቤት ደላላ

በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ስድስት የቤት ደላሎች ነበርን። አንድ ጥላ ሥር ተቀመጥን እንጂ አንድ ላይ አልተቀመጥንም፤ ሁላችንም ጀርባ ለጀርባ ሆነን መንገድ መንገዱን ነው የምናየው። አንድ እንግዳ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ሻንጣው መሬት ሳይነካ ግር ብለን እንከበዋለን። አንዱ ሻንጣውን ይይዛል፣ አንዱ ክንዱን ይጎትታል፣ እኔ ደግሞ ሚስቱን እይዛለሁ። ሚስት የወደደችውን ቤት ባል አይለቅም። ይህን ወንዶቹ አያውቁም ነበር፤ እኔም አልነገርኳቸውም። በመካከላቸው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጊዜው ደርግ ወድቆ፣ ቤት መሸጥ መለወጥ እንደ አዲስ የተጀመረበት ነው። ባሌ ሞቶብኝ ሁለት ሴት ልጆች ይዤ ስቀር የተረፈኝ ሀብት ምላሴ ብቻ ነበር፤ በእሱው ገባሁበት። እናቴ ግን "ደላላ" የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት "ሰው ከቤት ታገናኛለች" ብላ ታልፋለች።

ከአምስቱ አንጀቴን የሚያሳርረው የተበተነው ሠራዊት አባል የነበረው ነው፤ ወታደሩ እንለዋለን። ቁመቱ የስልክ እንጨት ያህላል፣ ኮቱን በሐሩር እንኳ አያወልቅም። አንድ ጊዜ እኔ የቀጠርኩትን ገዢ "እሷ እኮ አረፈች፣ ትናንት ቀበርናት" ብሎ ወሰደብኝ። ያ ገዢ ከሰነበተ በኋላ ገበያ መሃል ሲያየኝ የገዛውን ሽንኩርት ጥሎ አማተበ። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው የምውለው።

የምኖርበትን ቤት የተከራየሁት ባሌ በሕይወት ሳለ ነው። የቤቱ ባለቤት ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሹም ነበሩ፤ ላይኛው ከተማ ሴቻ ነው የሚኖሩት። አንድ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው መጡና "ልጄ፣ እርጅና መጣ፤ አገሬ ልገባ ነው። ቤቱን መሸጥ አለብኝ" አሉኝ።

"የትኛውን ቤት ጋሼ?"

"ይሄንኑ ነዋ፣ አንቺ ያለሽበትን። ደግሞ ሌላ ደላላ ምን አስፈለገኝ? አንቺው ሽጪልኝ።"

ወይ ጉዴ! ራሴን ከቤት እንዳስወጣ ሥራ ሰጡኝ ማለት ነው። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ብሎ ተሳለቀብኝ። ሳቁ ይሳቅ፤ የበልግ ዝናብ ደርሷል፣ እኔ ደግሞ መሄጃ የለኝም። በሲቀላ ለደላላ ቤት የሚያከራይ የለማ! ደላላ የሰፈሩን ኪራይ ሁሉ ያውቃል፣ ነገ ጎረቤቱን ያሳምፅብናል ይላሉ። ሌላውን ሰው ሁሉ ቤት አስገባለሁ፤ ለራሴ ሲሆን በሩ ይዘጋል።

ጋሼን "እኔስ አልችልም፣ እጄ አይታዘዝልኝም" አልኳቸው። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው ቀጥ ብለው ወደ ዋርካው ወረዱ። በማግስቱ ልብስ ሳጥብ የግቢው በር ተከፈተ፤ ወታደሩ ገዢ ከኋላው አስከትሎ ገባ! አላመነታሁም፤ እጣቢውን ከነአረፋው ደፋሁበት። ገዢው ሮጠ። እኔና ወታደሩ ግን እየተሰዳደብን፣ ገበያተኛውን እያስከተልን እስከ ዋርካው ድረስ ወረድን።

እዚያ ከስድስታችን በዕድሜ የሚበልጡት የጨንቻው አዛውንት ተቀምጠዋል። ድሮ ሸማኔ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ነው ወደ ድለላ የገቡት። ተነሡና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው መጡና በእኔና በወታደሩ መካከል ቆሙ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሃል ከገባ፣ ያን ሣር አልፎ እጁንም ድምፁንም የሚያነሣ የለም። ለጄኔራል ያጎነበሰ የማይመስለው ያ ሰውዬ ለሣሩ አጎነበሰ። እኔም ስድቤን ከነመራራው ዋጥኩት።

"ተቀመጡ" አሉን። "ዛሬ በእሷ ነው፣ ነገ በእናንተ። እስቲ ከመካከላችን የራሱ ቤት ያለው እጁን ያውጣ።"

አንድም እጅ አልወጣም። ግማሽ ሲቀላን ያሻሻጥን ሰዎች ስድስታችንም ተከራዮች ነበርን! እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። መጀመሪያ ወታደሩ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን እርስ በርስ መተያየት አፈርን።

ማኅበሩ የተመሠረተው እንዲህ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ተባለ፤ የታመመ አባል ቢኖር ደንበኛው እንዲጠበቅለት፣ ሐዘን የደረሰበትን ሁላችንም እንድንቆምለት ተስማማን። "በሕይወት ያለን አባል ሞተ ማለት ክልክል ነው" የሚለውን እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ከሁሉ በላይ ግን፣ አንድ አባል ሌላ መጠለያ ሳያገኝ የሚኖርበት ቤት እንዳይሸጥበት ወሰንን።

ችግሩ ጋሼ ናቸው። ገዢ ካላመጣንላቸው ወደ ሴቻ ደላሎች መሄዳቸው ነው። ወታደሩ "ገዢ እናምጣ፣ ቤቱን ግን እናጣጥለው" አለ። አዛውንቱ ውሸት አልወደዱም፤ "ያለበትን ጉድለት ብቻ ንገሩ" አሉ። ስለዚህ ስድስት ደላሎች እውነት ለመናገር ተማማልን። እንዲህ ያለ ጉድ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም።

መጀመሪያ የመጣው አንድ አስተማሪ ነው። ወታደሩ ከከተማው ዳር ካለው ጫካ ስለሚመጡት ዝንጀሮዎች ነገረው፤ መስኮት ከተረሳ ገብተው ድስት እንደሚከፍቱ፣ ሴት ብቻዋን ስትሆን እንደማይፈሯት። ይህ እውነት ነው። አስተማሪው ጓዳውን እንኳ ሳያይ ወጣ። ቀጥሎ አዲስ ሙሽሮች መጡ። ለእነሱ ደግሞ ማንጎ ሲበስል ሌሊት ቆርቆሮው ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ነገራቸው፤ "ግንባር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እኔ እንኳ እደነግጣለሁ" አለ። ሙሽራዋ የባሏን እጅ ይዛ ወጣች። እኔም ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ለልጆቼም "አይዟችሁ፣ አንነሳም" አልኳቸው።

ሦስተኛው በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚነግድ ሰው ነበር፤ አዛውንቱ ናቸው ይዘውት የመጡት። እሳቸው ቀስ ብለው ጣራው በማእዘኑ እንደሚያፈስ፣ ወጥ ቤቱ እንደሚጠብ ነገሩት። ነጋዴውም ከንፈሩን እያጣመመ ዞር ዞር ብሎ አየና "ይሄም ቤት ተብሎ! የፍየል በረት ነው እንጂ" አለ።

ደሜ ፈላ። አንቱታዬን ረሳሁት።

"የፍየል በረት?! የፍየል በረት አልክ? ና እስቲ እዚህ መስኮት ሥር ቁም! ከሰዓት በኋላ ከአባያ ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ በዚህ ገብቶ በዚያ ነው የሚወጣው፤ ሲቀላ በሙቀት ሲንገበገብ እኔ ነጠላ ደርቤ እቀመጣለሁ! ይህን ግድግዳ ባሌ ነው በገዛ እጁ የለሰነው፤ እስቲ አንድ ስንጥቅ አሳየኝ! ልጆቼ የዳኹት እዚህ ወለል ላይ ነው። በዚህ አገር ወባ ያልጣለው ልጅ ታውቃለህ? የእኔን ወባ አልጣላቸውም፤ ግቢው ውኃ አይቋጥርማ! ያ ማንጎ ደግሞ ስንዝር ታህል ሳለች ነው የተከልናት፤ ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ ከሥሯ ይበላል!"

አዛውንቱ ያስላሉ። ነጠላዬን ይጎትታሉ። እኔ ሳሉ የባሰባቸው መስሎኝ "ውኃ ላምጣልዎት?" ብዬ ወደ ማንጎዬ ተመለስኩ። አመል ያወጣል ከመሃል ማለት ይሄ ነው።

ነጋዴው ሰምቶ ሰምቶ ሲያበቃ "እንዲያ ከሆነ እገዛዋለሁ" አለ።

ያኔ ነው አፌን የያዝኩት፤ ምን ዋጋ አለው! አዛውንቱ በሩ ላይ ቁጭ አሉና "ልጄ፣ እንዲህ ያለ ድለላ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም" አሉኝ። ወታደሩ ሲነገረው ዋርካውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ግን እቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ልጆቼን ምን ልበላቸው?

ጋሼ ቤቱን ለነጋዴው ሸጡ፤ የእኔም ቤት ፍለጋ ተጀመረ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተከትሎኝ። ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። ስድስት ሰው ተሰልፈን ስንመጣ ያየች አንዲት ሴት የደርግ ጊዜ ውርስ ተመልሶ የመጣ መስሏት በር ዘጋች። ሌላው "ደላላ ናት" ሲባል ውሻውን ፈታ። ዝናቡ ጀምሯል፣ ነጋዴው ደግሞ ቤቱን ልቀቂ ማለት ጀምሯል።

መጨረሻ ላይ ፈትል የምትነግድ አንዲት ባልቴት ዘንድ ደረስን። ጓሮዋ ሁለት ክፍል ባዶ አላት። ማኅበርተኞቼ ባንድ አፍ ያመሰግኑኝ ጀመር፦ ጨዋ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ድምጿ አይሰማም! ባልቴቷ ፈትሏን አስቀምጣ አየቻቸው።

"አምስት ደላላ አንድ ላይ ያመሰገነው ነገር ጤና የለውም" አለች። "ነውሯን ንገሩኝ።"

ከአምስት በር ተመልሰናል፤ ይህኛው ከተዘጋ የሚንኳኳ አልቀረም። ወታደሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት ወጣ። አለቀልኝ አልኩ።

"ነውሯ አፏ ነው" አለ። "ቁጡ ናት እማማ። የልብስ እጣቢ ደፍታብኛለች፤ ይህ ኮት እስካሁን ሳሙና ሳሙና ይላል። ነገር ግን የምትኖርበትን ቤት የፍየል በረት ብለው ሰደቡባት። ዝም ብትል ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበረች፤ ዝም ማለት አቃታት። ልጆቿን ይዛ ደጅ የወጣችው የሰው ቤት ሲሰደብ አልሰማም ብላ ነው። የእርስዎንም እንዲሁ ታከብርልዎታለች። እኔ ቤት ቢኖረኝ ለእሷ ነበር የማከራየው። ምን ያደርጋል፣ የለኝም።"

ባልቴቷ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ከዚያ መቀነቷን ፈትታ ቁልፍ ማውጣት ጀመረች። ስንቱን ሰው ለስንቱ ቤት ሳመሰግን የኖርኩ ሴትዮ፣ ለእኔ ብሎ የተናገረልኝ ሰው ግን አልነበረም። እንባዬ አመለጠኝ።

ወታደሩ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ዝም በይ አንቺ!" አለኝ በሹክሹክታ። "ቁልፉን ሳትቀበይ አታልቅሺ።"