አከራዬ የመታው ሪጎሬ

አከራዬን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ኋላ «ወዳጅህ አልነበረም እንዴ?» የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ። ወዳጄ ሆኖ አያውቅም። ድሬዳዋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማርን፤ እሱ ኤ ክፍል፣ እኔ ሲ ክፍል። ከዚያ እሱ ሳይጨርስ ጅዳ ሄደ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሀርጌሳ ገባሁ፣ ወላጆቻችን በጦርነቱ ጊዜ ጥለዋት የወጡት ከተማ። እሱ ከጅዳ ሲመለስ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር የተያያዙ ቤቶች ሠራ። አንዱ ውስጥ ራሱ ይኖራል፣ ቀጥሎ ያለው ውስጥ እኔ ተከራይቻለሁ። የተማረ ይግደለኝ ይላሉ። የተማርኩት እኔ የሱ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት አስፈቅዳለሁ።

ሌላ አከራይ ኪራይ ሲጨምር ይደውላል፤ ጨምሬያለሁ ይላል፣ አለቀ። ስልኩን ትዘጋለህ፣ ትሰድበዋለህ፣ ትከፍላለህ። የኔው ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሳሎኔ ይገባል። ጫማውን አውልቆ፣ ትራስ ደገፍ ብሎ፣ ሻይ በወተት ያዛል። ከዚያ ልጄን ይጠራታል። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛው እንዳይጠፋባት ብዬ እኔ በአማርኛ ብቻ ነው የማዋራት። «ነይ ተቀመጪ፣ አባትሽ ማን እንደነበረ ልንገርሽ» ይላታል። ይኼኔ የሚከተለውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ታሪኩ ይመጣል፣ ከታሪኩ ኋላ ጭማሪው።

ታሪኩ እውነት ነው። በየዓመቱ መጨረሻ የስፖርት ቀን ነበረን። የድሬ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፤ ያን ቀን ግን ማንም አያረፍድም፣ ማንም አሞኛል አይልም። ገመድ ጉተታ አለ፣ የጆንያ ሩጫ አለ፣ ዱላ ቅብብል አለ። በላስቲክ የታሰረ ቀይ በረዶ እየመጠጥን ሜዳውን ከበን እንጮሃለን፤ ማታ ቤት ስንገባ ድምፃችን የለም። የቀኑ መጨረሻ የኳስ ፍጻሜ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ፍጻሜው ኤን ከሲ አገናኘ። እኩል ለእኩል ሆነን ሊያልቅ ሲል የኛ ተከላካይ ኳስ በእጁ ነካ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ያኔ በኛ አፍ ሪጎሬ። የሚመታው እሱ ነበር፣ የትምህርት ቤቱ ኮከብ፤ ሪጎሬ ስቶ አያውቅም። በረኛው እኔ ነበርኩ።

«አቦ፣ በረኛ ሁሉ ይዘላል» ይላታል ልጄን። «ልትመቺ ስትይ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ይወድቃል፤ አንቺ ባዶውን አይተሽ ትመቻለሽ። አባትሽ ግን ወላሂ አይዘልም! ኳሷ ከእግርሽ እስክትለቅ ንቅንቅ የለም። ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ቆመ። እግሬ ተሳሰረ። ደረቱ ላይ መታሁለት፣ እንደ ትኩስ ዳቦ አቀፋት።» ከዚያ ይነሳና አቋቋሜን ያሳያታል፤ ቦርጩን ወደ ውስጥ ስቦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። ልጄ በሳቅ ትፈርሳለች። ስንቴ ሰምታዋለች፣ አይሰለቻትም። እሱም ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም፤ ሽንፈቱን እንደ ሎተሪ ዕጣ ነው የሚያወራው።

ሳቁ ሲያልቅ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ሲሚንቶ ተወደደ ይላል። መንግሥት ግብር ጨመረ ይላል። ካንተ ጋር ስለ ገንዘብ ማውራት ሞቴ ነው፣ ግን ምን ላድርግ ይላል። ይጨምራል። ባለቤቴ አማርኛ ስለማትሰማ ሁለት ወንድማማቾች የሚጫወቱ ይመስላታል፤ ሻይ ትደግምለታለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ እስከ በር እሸኘዋለሁ። እንዲህ እያደረገ ያንን የስፖርት ቀን አስጠላኝ። የሕይወቴን ምርጥ ቀን ማለቴ ነው፤ አሁን ሳስታውሰው ኪሴን ነው የምዳብሰው።

ጌታ አለመሆኔን ላስረዳ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ግዥ ክፍል ነው የምሠራው። ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ ባጅ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ደሞዜ በዶላር ነው። ይኼን ያየ ዘመድ ሁሉ ባንክ አድርጎኛል። የአክስቴ ልጅ በመኪና ሰው ገጭቶ ጎሳው መዋጮ ሲሰበስብ፣ እዚህ ቃራን ይሉታል፣ መጀመሪያ የተደወለው ለኔ ነው። አልሰጥም አይባልም፤ ነገ እኔ ብገጭስ? እሱን ስሰጥ የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ይደርሳል፣ ውሃው በቦቴ ይገዛል። በዚህ ላይ ፈንድ ቀነሰ ተባለና ቢሮው የብዙ ሰው ኮንትራት ሳያድስ ቀረ፤ የተረፍነውን ደሞዛችንን ቆረጠን። አለቃችን ሰብስቦ እንደ ቤተሰብ እንተጋገዝ አለን። እሱ የሚኖረው ድርጅቱ በተከራየለት ቤት ነው። የለየለት ድሃ ብሆን ሰው ባዘነልኝ። የመሃል ሰው ግን ማን ያዝንለታል? ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል።

ዘንድሮ አከራዬ እንደ ልማዱ መጣ። ሻዩን ጠጣ፣ ታሪኩን አወራ፣ ተነስቶ አቋቋሜን አሳየ። ከዚያ ከለንደን የሚመለስ አንድ ቤተሰብ ቤቱን አይቶ እንደወደደው፣ እኔ ከምከፍለው እጥፍ ሊሰጥ እንደሚችል ነገረኝ። ላንተ ስል ነው የታገስኩት አለኝ። ደሞዜ መቆረጡን ነገርኩት። አፈርኩ፣ ግን ነገርኩት። አርብ ከጨዋታው በኋላ እንነጋገራለን አለ። አርብ ምን ጨዋታ አለ ብል ገረመው። ድሬ ያደግነውን ሁሉ አሰባስቦ የስፖርት ቀን ሊያደርግ ነው፤ ሜዳ ተከራይቷል፣ ማሊያ አሰፍቷል። ቀይ ለኤ ክፍል፣ ሰማያዊ ለሲ። በረኛው አንተ ነህ አለኝ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ከዚህ ቤት ከወጣን የምንገባው ከተማው ዳር፣ አያሃ ነው። አያሃ ሰው አይኖርበትም አላልኩም፤ ኪራዩ ይቀላል። ግን ልጄ ትምህርት ቤቷ ከቤታችን በእግር ነው። ከአያሃ ለባጃጅ ጠዋት ማታ ከተከፈለ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከየት ይመጣል? ከትምህርት ቤቷ ማውጣት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ባለቤቴ ይኼን ሁሉ አስባ ጨርሳለች። አርብ ልወጣ ስል ጓንቴን አቀበለችኝና ሰውየው ዛሬ ደስ ብሎት ይግባ፣ እንዳታስቀይመው አለችኝ። ኳስ አታውቅም። የምትለኝን ግን በደንብ ታውቃለች።

ከአስር ሶላት በኋላ ሜዳው ሞላ። ደግሞ ምኑን ሜዳ ነው፣ አርቴፊሻል ሳር የተነጠፈበት፣ በሽቦ የታጠረ ሰፌድ። አምስት ስድስት የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ነበርን፤ የቀረው እንዲሁ ድሬ ያደገ፣ ድሬ የነገደ፣ አንዱማ ድሬ ለሠርግ ሄዶ የተመለሰ። ሁሉም ቦርጫም። ገመድ ተጎተተ፤ ሁለት ሰው ወገቡን ያዘ። የጆንያ ሩጫ ላይ አንዱ ሐኪም ነኝ ባይ ተዘርሮ በሰው ተነሳ። ትዝታ ትዝታ ይላሉ፣ እኔ ያየሁት እርጅና ነው። ልጄ የአከራዬ መኪና ውስጥ ከሴቶች ልጆቹ ጋር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ታያለች። ጓንቴን አጥብቄ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ስቆም ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ተናደድኩ።

ሁለት ኳስ አዳንኩ፣ አንድ ገባብኝ፤ የኛዎቹም አንድ አገቡ። ሊያልቅ ሲል አከራዬ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀ። ማንም አልነካውም፤ የገዛ እግሩ ነው የጣለው። ዳኛው ግን ማሊያውን ማን እንዳሰፋ ያውቃል፣ ፊሽካውን ነፋ። ሪጎሬ። ሜዳው ዳር ያለው ሁሉ ታሪኩን ከሱ አፍ ሰምቶታል፤ ጩኸቱ ቀለጠ። አከራዬ ኳሷን በሁለት እጁ አስቀመጣት፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ፊት አላየሁበትም። ልጅ መስሎ ነበር።

እኔ የማየው ግን አያሃን ነው። ባጃጁን ነው፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሊመታ መንደርደር ሲጀምር፣ እግሩ ኳሷ ጋ ሳይደርስ፣ ወደ ቀኝ ዘለልኩ። ሳሩ ላይ ተጋድሜ ዞር ብዬ ሳይ ኳሷ እየተንከባለለች መሃል ለመሃል ገባች፤ ልክ እኔ ልቆም በሚገባኝ ቦታ። እንኳን እኔ፣ የቆመ ወንበርም ይመልሳት ነበር።

ቀዮቹ ተሯሩጠው አቀፉት። እሱ አላቀፋቸውም። እጃቸውን ከትከሻው አውርዶ ወደኔ መጣ፣ መረቡ ውስጥ ገብቶ ኳሷን አነሳ፣ እኔ ገና ከመሬት አልተነሳሁም።

«አንተ አትዘልም ነበር» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

አረጀሁ አልኩት። እግሬ አልታዘዝ አለኝ አልኩት። ኳሷን ብብቱ ስር ይዞ ሄደ።

በመኪናው ነው ወደ ቤት የወሰደን። ሴቶች ልጆቹ ኋላ ይንጫጫሉ፤ የኔዋ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። እሱ መንገዱን ብቻ እያየ ይነዳል። በራችን ላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፊቱንም ሳያዞር ተናገረኝ።

«ኪራዩ ባለበት ይሁን። የዛሬ ሰደቃህን መልሼልሃለሁ።»

እኔም አላህ ይስጥልኝ አልኩት። ምጽዋት እንደተቀበለ ሰው አመሰገንኩት! እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል። ባለቤቴ ስትሰማ አልሐምዱሊላህ ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ምን ብለህ አሳመንከው አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። ኪራዩን በስልክ እልክለታለሁ፣ ደረሰኝ ብሎም አይጽፍም። መስጊድ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታውን አያጓድልም፤ ያልፋል። ስንት ዓመት የተመኘሁት ይኼን አልነበር? ሻይ የለም፣ ታሪክ የለም፣ ጭማሪ የለም። ልጄ ትምህርት ቤቷ እንደ ድሮው በእግሯ ትሄዳለች። ሰውየውን ግን ከድሮው ይልቅ ጠላሁት፤ ለምን ኪራዩን ጨምሮ አያባርረኝም ነበር እላለሁ፣ በሰላም እሰድበው ነበር።

አንድ ከሰዓት ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ቆየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመኪናው መስኮት ያየችውን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንስታብኝ አታውቅም ነበር።

«አባዬ፣ ያኔ ድሬ ላይስ?» አለችኝ። «እሱም አውቆ ነበር ደረትህ ላይ የመታልህ?»

ጮህኩባት። አልነበረም አልኳት፣ ወላሂ አልነበረም፤ አጥብቆ ነው የመታው፣ ደረቴ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር አልኳት። ቆሜ አቋቋሜን ላሳያት ሞከርኩ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን አፍጥጬ። አልሳቀችም። «እሺ አባዬ» አለችና ደብተሯ ላይ አጎነበሰች። ሰውን ላለማስቀየም የሚባል እሺ ነው፤ ከናቷ የተማረችው።

ያኔ አውቆ እንዳልሳተ ሊነግራት የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱ ቢነግራት ታምነዋለች። እኔ ደግሞ በሩን ሄጄ አላንኳኳም። አጥር ለአጥር ነን፤ ጠዋት ጠዋት ሲያስል ይሰማኛል።