ቀይ ቀበሮ የተከሰሰበት እሁድ

ከንጋቱ 11፡30፣ ላሊበላ

ከተማው ሳይነቃ በቅሎ ላይ ወጣሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የምሄደው ቀይ ቀበሮ ሲከሰስ ለማየት ነው። አብራኝ የምትጓዘው ሰላም የዱር እንስሳት ተመራማሪ ናት። ኮርቻዋ ላይ ያንጠለጠለችው ከረጢት ሁለት ዓመት የለቀመችውን የቀበሮ ኩስ ይዟል።

«ቀበሮው ምን እንደሚበላ የሚመሰክርልኝ ይሄ ነው» አለችኝ። ግልገላችንን ፈጀብን የሚሉት የአቡነ ዮሴፍ ገበሬዎች ዛሬ ካላመኗት፣ ቀበሮዎቹን ከተራራው ሊያጠፉ መክረዋል።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ

እንደ ሰው የቆመ የጅብራ ተክል፣ የጓሳ ሣር፣ ገደሉን የከበቡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች። አየሩ ስስ ነው መሰለኝ፣ በሆነ ባልሆነው እስቃለሁ። የበቅሎው ባለቤት አያ ሞላ ታዘቡኝ። «ጌታው፣ ጠላው ሳይቀርብ ሰከሩ?»

5 ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ

ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ከፈራጆቹ ሽማግሌዎች ጋር ጥዱ ሥር ተቀምጧል። የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዞራል። ሰላምም ኩሱን ሌላ ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። እኔ በወሬ ተጠምጄ እጄን ሰደድኩና ዘገንኩ። አፌ ሳይደርስ አያ ሞላ ክንዴን ያዙኝ።

«ኧረ ጌታው፣ ምስክሩን አይብሉብን።»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ከሳሿ እትዬ ዘርፌ ብቻ ናቸው። «ሦስት ግልገል በልቶብኛል። እኔን ምን ያስቀኛል?»

«እስቲ እርስዎ ራስዎ ፈርፍረው ይዩት» አለቻቸው ሰላም።

በእንጨት ፈረፈሩት። የአይጥ ጠጉር። ሌላውንም፤ የአይጥ ጥርስ። «ገብሳችንን የሚጨርሰው አይጥ እኮ ነው» አለ አንድ ገበሬ። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ ተጠጋ። ረታን ብዬ ልፈነድቅ ስል፣ ሰላም በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ኩስ ከኪሷ አወጣች።

«ይሄኛው ውስጥ ግን የበግ ጠጉር አለ። ግልገል የሚበላበትም ጊዜ አለ።»

ምነው ዝም ባለች አልኩ በልቤ። ተናደድኩባት።

እትዬ ዘርፌ ጠጉሩን በጣታቸው እያሹ ቆዩ። «ልጄ፣ ይሄን ብትደብቂኝ ኖሮ የአይጡንም አላምንሽም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ግልገሎቼን ፀሐይ ሳይሞቅ አላወጣም። እሱም አይጡን ይልቀምልኝ። ይኑር።»

ሽማግሌዎቹ «ይሁን» ብለው ተነሥተው መረቁ።

9 ሰዓት፣ ቁልቁለቱ ላይ

ሰላም እያለቀሰች ትስቃለች። አያ ሞላ ቆሎ ቢሰጡኝ መጀመሪያ በፀሐይ አገላብጬ አየሁት። ከሰላም ምስክሮች አንዱ ጎድሏል። የበግ ጠጉር ያለበትን እትዬ ዘርፌ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አስቀርተውታል።

«ይቺ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» ነበር ያሉት። «የማረ ሰው ምን እንደማረ አይርሳ።»