እትዬ ደረሰኝ ክለባችንን እንዴት እንዳተረፉት

ሒሳብ ሹማችን ሥራ የጀመሩ ዕለት የጠየቁኝን እስካሁን አልረሳውም። እኔ የክለቡ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ማሊያ፣ ታኬታ፣ ኳስና መረብ በእጄ ነው። ቢሮ ስለጠበበ ጠረጴዛቸውን ከእኔ ፊት ለፊት አደረጉላቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው የደመወዝ መዝገቡን ሲያገላብጡ ቆዩና ቀና አሉ።

«ስንት ተጫዋች ነው ያለን?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሜዳ የሚገባውስ?»

«አስራ አንድ።»

«ታዲያ አስራ አምስቱ ምን ሠርተው ነው ደመወዝ የሚበሉት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

ከዚያ በፊት አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የራሱን ሰዎች ይዞ መጣ፤ እሳቸውም ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ቤት ተቀመጡ። የእኛን የሥራ ማስታወቂያ ቀድደው ያመጡላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ቀድደው ያመጡት ሌላ አመልካች እንዳያየው ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሱቃቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የክለባችን ፎቶ ነው። በተሸነፍን ማግስት ሱሪ የሚያሳጥር ሰው ወደ እሳቸው ዘንድ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ቁምጣ ሆኖ ሊመለስለት ይችላል። ሚስታቸው እኛ ዘንድ ሲቀጠሩ ራሳቸው የፈረሙ ያህል ነበር የተደሰቱት።

«እትዬ ደረሰኝ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። አምበሉ የሆቴል ወጪ ይዞ ቢመጣ «ደረሰኝ?»፣ ሾፌሩ ጎማ አስጠገንኩ ቢል «ደረሰኝ?»። ስሙ እስከ ልምምድ ሜዳ ደረሰ። አንዱ ተጠለፍኩ ብሎ መሬት ላይ ሲንከባለል ሌሎቹ ከበውት «ደረሰኝ አምጣ!» ይሉታል። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «ደግ አደረጉ» አሉ፤ ቀልዱ የገባቸው ግን አልመሰለኝም።

እሳቸው በመጡበት ዓመት ሊጉን የጨረስነው ከአስራ ስድስት ክለብ አስራ አንደኛ ሆነን ነው። ተጫዋቾቹ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም። ፌዴሬሽኑም ደብዳቤ ጻፈልን፤ ውዝፉን ሳንከፍል የዝውውር መስኮቱ ከተዘጋ አንድም አዲስ ተጫዋች አናስመዘግብም።

ፕሬዚዳንታችን የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ናቸው። ቸር ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከኪሳቸው ይቀድማል። ቦርዱን ሰብስበው መላ አመጡ። የግራ ክንፍ ተጫዋቻችንን እንሸጣለን፤ ስድስት ሚሊዮን የሚሰጥ ክለብ ተገኝቷል። በዚያ ውዝፉን እንከፍልና በተረፈው «መድፉ» የሚባለውን ስመ ጥር አጥቂ እናስፈርማለን።

ይህ የግራ ክንፍ ተጫዋች «ሸማኔው» ነው የሚባለው፤ ኳሷን በተከላካይ እግር መሃል እንደ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ስለሚያመላልሳት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መድፉ ደግሞ ሠላሳ አራት አልፎታል፤ የግራ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀድዶ ተሰፍቷል።

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። እትዬ ደረሰኝ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ከዚህ በፊት ተጫዋች የሸጥንባቸውን ውሎች ሳላይ እኔ አልፈርምም። ምን ዓይነት ሻጭ እንደሆንን ልወቅ።»

«የድሮ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱን ካየሁ በኋላ እነግርዎታለሁ።»

አስር ቀን ተሰጣቸው። ወሬው ግን አስር ቀን አልጠበቀም፤ በማግስቱ ልብስ ስፌት ቤቱ ደረሰ። ባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪናውን አቁመው ተነሡ።

«ሸማኔውን ልትሸጡት ነው አሉ?»

«ገና አልተወሰነም።»

«እሱ ከሄደ እኔና አንቺ አንድ ገበታ አንቀርብም።»

«እኔ ነኝ የምሸጠው? እኔ እኮ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ!»

ከዚያ በኋላ አኮረፉ። በቤት ውስጥ መልእክት የሚተላለፈው በሴት ልጃቸው በኩል ሆነ። «አባትሽን ጨው አቀብለኝ በይው»፣ «እናትሽን እዚያው ከፊቷ አለ በያት»። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በሦስተኛው ቀን «ወይ ታረቁ ወይ ደመወዝ ቁረጡልኝ» አለቻቸው።

የድሮዎቹ ፋይሎች የነበሩት እኔ ዘንድ፣ እቃ ቤት ውስጥ ነው። ከተቀደዱ መረቦች ሥር፣ አየር ካለቀባቸው ኳሶች ጀርባ። ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ጠጣን። እትዬ ደረሰኝ ሻሻቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው ውሉን ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ማኅተሙ ያነቡታል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን አይቼ እዘጋው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማገላበጡን አቆሙ። ዞር ብዬ ሳይ የኳስ ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል።

«ይሄ ተከላካይ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሸጥነው፣ የት ነው ያለው?»

ስሙን አየሁት። «ግንቡ! እትዬ፣ እሱማ ውጭ አገር ሄደ። እኛ የሸጥንለት ክለብ አምና በዚህ ሰሞን አትርፎ ሸጠው። ራዲዮው ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።»

«በስንት?»

«አርባ ሚሊዮን ሲሉ ነበር።»

«ሲሉ ነበር አይሠራም። ይልቅ አንቀጽ ዘጠኝን አንብብልኝ፤ ዓይኔ ያታለለኝ እንደሆነ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩ። ገዢው ክለብ ተጫዋቹን ለሌላ ከሸጠ፣ ከሽያጩ ላይ ሃያ በመቶውን ለእኛ ይከፍላል። እኛም ሽያጩ በተፈጸመ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ አለብን። ካልጠየቅን ቀረ።

ቀኑን ቆጠርን። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው።

ይህን ውል የፈረሙት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ፋይሉን ከመረብ ሥር ሲያደራርብ ኖሯል። እኔንም ጨምሮ።

ደብዳቤ በፖስታ እንላክ ቢባል እትዬ ደረሰኝ አሻፈረኝ አሉ። «ለደብዳቤ አልደረሰንም ይባላል። ለእኔ ፊት ለፊት አልደረሽም ማለት አይችሉም።» ያ ክለብ በአውቶቡስ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሊነሡ ሲሉ፣ ሳምንት ሙሉ ያላናገሯቸው ባለቤታቸው ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«ወዴት ነው?»

«ከአንቺ ጋር። እዚያ ጠላት ሰፈር ብቻሽን አልሰድሽም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ነገሩን ከሥሩ አስረዷቸው። ገንዘቡ ከተገኘ ሸማኔው አይሸጥም። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ለመንገድ የያዙትን ብርቱካን ልጠው ግማሹን አቀበሏቸው። እርቁ ይኸው ነው፤ ሌላ ሽማግሌ አላስፈለገውም።

የዚያ ክለብ ሒሳብ ሹም ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ እርሳሱ ሁሉ በቁመቱ ተደርድሯል። እትዬ ደረሰኝ ያንን ሲያዩ «ከሰው ጋር ነው የተገናኘሁት» ብለው ልባቸው እረፍት እንዳገኘ ነግረውኛል። ውሉን አቀረቡላቸው። ሽማግሌው መነጽር ቀየሩ፤ ማኅተሙን አዩ፤ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ማኅተሙ የእኛው ነው» አሉ። «ይቺ የምስክር ፊርማ ደግሞ የእኔ ናት። ምን ልበልሽ እህቴ።»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ዝም አላችሁ?»

«ለአለቆቼ ነግሬ ነበር። ‹እስኪጠይቁ እንጠብቅ› አሉኝ። እኔም እየጠበቅኩ ነበር። ደግነቱ መጣሽ፤ እንቅልፍ ነስቶኝ ከርሟል።»

ራዲዮው አጋንኗል፤ ሽያጩ ሠላሳ ስድስት ሚሊዮን ነው። የእኛ ድርሻ ሰባት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ። አለቆቹ ሁለት ቀን አንገራገሩ፣ ጠበቃ ጠሩ፤ ጠበቃው ውሉን አንብቦ «ክፈሉ» አላቸው። ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ከሦስት ወር በኋላ ሊሰጠን ተፈራረሙ። ሽማግሌው ቼኩን ሲያስረክቡ «ደረሰኝ በኋላ ትልኩልናላችሁ» አሉ። እትዬ ደረሰኝ ከቦርሳቸው ጥራዙን ከነካርቦኑ አውጥተው እዚያው ቆረጡላቸው።

ሲመለሱ ተጫዋቾቹ በጭብጨባ ተቀበሏቸው፤ ሸማኔው ግንባራቸውን ሳማቸው። ግን ገንዘብ ሲመጣ ጠብም አብሮ ይመጣል። ፕሬዚዳንቱ ቦርዱን እንደገና ሰበሰቡ።

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው! አሁን ሸማኔውንም ይዘን መድፉንም እናመጣለን። ዋንጫው የእኛ ነው!»

አሰልጣኙ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ የምፈልገው በረኛና የመሃል ተከላካይ ነው።»

«በረኛ ማሊያ ያሸጣል? ተከላካይ ስታዲየም ይሞላል?»

ያን ጊዜ እትዬ ደረሰኝ አንድ ወረቀት ዘረጉ። ያለፈውን ዓመት ጨዋታዎች ሁሉ ከዳኞች ሪፖርት ላይ ለቅመው፣ ጎል የገባብንን ደቂቃ በሰንጠረዥ አስፍረውታል።

«እኔ ኳስ አላውቅም» አሉ። «ግን ባለፈው ዓመት ከሰማንያኛው ደቂቃ በኋላ ብቻ አስራ ሰባት ነጥብ ጥለናል። ፋብሪካ እያለሁ ዱቄት ሲጎድል መጀመሪያ የማየው የጆንያውን ሥር ነበር። ጆንያው ከታች ተቀድዶ ከላይ ብንሞላ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እርስዎ ሲሚንቶዎን እንዲህ አድርገው ይጭናሉ?»

ፕሬዚዳንቱ ወረቀቱን ሳቡት። በጣታቸው ቆጠሩ። አስራ ሰባት። አንዴ ደግሞ ቆጠሩ።

«ይህ ነጥብ ቢኖረን ስንተኛ እንወጣ ነበር?»

«ሦስተኛ» አለ አሰልጣኙ ፈጠን ብሎ።

«እናንተ ሰዎች ነጋዴ ልታደርጉኝ ነው» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። ውዝፉ ተከፈለ። ከታችኛው ሊግ አንድ በረኛ አመጣን፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ቀን ቀን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ። አንድ ረጅም ተከላካይ ደግሞ በውሰት። የቀረው ገንዘብ ለዓመቱ ደመወዝ ተቀመጠ። መድፉ ሌላ ክለብ ፈረመ።

አጀማመራችን አያምርም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ሦስቱን ዜሮ ለዜሮ ወጣን። ደጋፊው ማጉረምረም ጀመረ። ባለቤታቸው እቤት ገብተው «ጆንያሽስ ተሰፋ፣ ዱቄቱ የታለ?» ይሏቸዋል። በአምስተኛው ሳምንት መድፉ የሚጫወትበት ክለብ መጣብን፤ ከሠላሳ ሜትር አክርሮ መትቶ መረቡን በጠሰው። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ገብተው እትዬ ደረሰኝን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ሰማሁ፤ ጥሩ ጎል ነው አሉ» አሏቸው ሳይደነግጡ። «የደመወዙ ወጪ ግን የእነሱ ነው።»

መድፉ በሰባተኛው ጨዋታ ጉልበቱን ታመመ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው የከረመው። አዝነንለታል፤ ጨዋ ሰው ነው። የእኛዎቹ ግን ደመወዛቸው በሰዓቱ ሲገባ እግራቸውም ቀለለ። ሸማኔው አስራ አራት ጎል አገባ። ከሰማንያኛው ደቂቃ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የጣልነው አራት ነጥብ ብቻ ነው። ቀስ እያልን፣ ሰው ሳያስተውለን፣ ከሰንጠረዡ አናት አካባቢ ደረስን።

በመጨረሻው ቀን ዋንጫው አምልጦናል፤ አንድ ነጥብ ካገኘን ግን ሁለተኛ እንሆናለን። ልብስ ሰፊው ሱቃቸውን ዘግተው ሚስታቸውን እጃቸውን ይዘው ስታዲየም አመጧቸው። እትዬ ደረሰኝ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው። እኔ ከኋላቸው ተቀምጫለሁ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሸማኔው አስቆጠረ፤ ባንዲራ ተነሣና ተሻረ። «ምን ሆነ? ገብቷል እኮ!» ብለው እትዬ ደረሰኝ ተነሡ። ባለቤታቸው ከኪሳቸው ሦስት ቁልፍ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ደርድረው ኦፍሳይድን አስረዷቸው። እሳቸውም ቁልፎቹን ትክ ብለው አይተው «እና ቀደም ብሎ ከወጣ ነው የሚቀጣው? ደግ ሕግ ነው» አሉ። ከእረፍት በኋላ እኛ አገባን፣ እነሱም አቻ ሆኑ። ሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሷ ስትሻገር እትዬ ደረሰኝ ፊታቸውን በቦርሳቸው ሸፈኑ። መካኒኩ ከሰው ሁሉ በላይ ወጥቶ፣ በዚያ መዳፉ፣ ከአየር ላይ እንደ ፍሬ ለቀማት። ስታዲየሙ ሲናጥ ቦርሳቸውን ወርውረው ባለቤታቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ቦርሳውን ሦስት ረድፍ ወርጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ወጣን። ይህ ቦታ ለክለባችን በሃያ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ለሚመጣው ዓመት ዋንጫ ትበላላችሁ ወይ ብትሉኝ፣ ፕሬዚዳንቱ «ያለ ጥርጥር» ይላሉ፤ አሰልጣኙ «እንሞክራለን» ይላል። እትዬ ደረሰኝን ትናንት ጠዋት ጠየቅኋቸው። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አሰቡና፣

«የቀኝ ተከላካያችን ሩጫው ቀንሷል» አሉ። «መጀመሪያ ለእሱ ተተኪ እንፈልግ። ከዚያ ጠይቀኝ።»